ከአራት ፔኒ ግብር እስከ ዉልስቶርፕ፤ የኒውተን ገበሬዎች የትውልድ ሐረግ በጽሑፍ ማስረጃ ሲመረመር

የነገሥታትና የመሳፍንት የትውልድ ሐረግ በባለሙያ እጅ ተጽፎ ይቀመጣል። ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ጸሐፊ የለውም። በእንግሊዝ አገር የአንድን ገበሬ ቤተሰብ አባቶችና ቅድመ አባቶች ለማወቅ የሚነሣ ተመራማሪ የሚያገኘው ማስረጃ ለትውልድ መታሰቢያ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። ግብር ሰብሳቢው፣ የአጥቢያው ቄስና የኑዛዜ ዳኛው ለየራሳቸው ሥራ የጻፉት ነው። ስለሆነም እያንዳንዱን ሰነድ ማን ጻፈው፣ ስለ ምንስ ጻፈው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የታላቁ ሊቅ የአይዛክ ኒውተን ቤተሰብ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ልጁ በዓለም የታወቀ ቢሆንም፣ አባቶቹ በሊንከንሺር አውራጃ እህል የሚያመርቱና በግ የሚያረቡ ገበሬዎች ነበሩና። (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የትውልድ ምርመራ የሚጀምረው ከሚታወቀው ሰው ሲሆን፣ ወደማይታወቀው የሚሄደውም ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ የአጥቢያ መዝገብ ነው። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን የነበረው ባለሥልጣን ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ባወጣው ትእዛዝ መሠረት እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትናን፣ ጋብቻንና ቀብርን መመዝገብ ጀመረ። ኒውተን የተወለደው በ1642 በገና ዕለት ነው። እንግሊዝ ያን ጊዜ የምትጠቀመው በዩልዮስ አቆጣጠር ስለ ነበረ፣ ዕለቱ በኢትዮጵያም ታኅሣሥ 29 ቀን 1635 ዓ.ም. የገና በዓል ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን፣ በኮልስተርወርዝ አጥቢያ ክርስትና ተነሣ። በዚያ ዘመን አዲሱ ዓመት በሕግ የሚብተው በማርች 25 ቀን ስለ ነበረ፣ ይህ ቀን የሚቆጠረው በ1642 ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር ግን 1643 ይሆናል። ይህ የአቆጣጠር ልማድ የቀረው በ1752 ነው። ይህን ያልተገነዘበ ተመራማሪ ልጁን ከአባቱ አስቀድሞ ሊያስወልደው ይችላል።

ሁለተኛው መሣሪያ ኑዛዜና የንብረት ቆጠራ ነው። የሊቁ አባት፣ እርሱም አይዛክ የተባለው፣ በኤፕሪል 1642 አግብቶ በኦክቶበር ወር ሞተ፤ ልጁን አላየውም። ገምጋሚዎች የተዉት የንብረት ዝርዝር ግን ኑሮውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በጎቹ 234፣ የቀንድ ከብቶቹ 46 ነበሩ። በአካባቢው የአንድ ገበሬ መንጋ በአማካይ ከ35 በጎች ብዙ እንደማይበልጥ ሲታወስ፣ ሰውየው በገበሬዎች ዘንድ ባለጸጋ እንደ ነበረ ለመረዳት አያዳግትም። ይሁንና ይህ ባለጸጋ ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር።

ከእርሱ በላይ ያሉት ትውልዶች ደግሞ የሚገኙት በመሬት ሰነድ ነው። አያቱ ሮበርት ኒውተን በ1623 የዉልስቶርፕን ማነር ገዛ፤ ማነር ማለት በአካባቢው የጌትነት መብት ያለው ርስት ነው። ቅድመ አያቱ ሪቻርድ በ1588 ሲሞት 50 በጎች ነበሩት። ሪቻርድ በዉልስቶርፕ የሰፈረውም አባቱ የዌስትቢው ጆን ኒውተን ከ100 ኤክር በላይ፣ ይኸውም በኢትዮጵያ የቆየ መለኪያ አንድ ጋሻ ያህል መሬት፣ ስለ ገዛለት ነው። በ54 ዓመት ውስጥ ከ50 በጎች ወደ 234 መድረስ ቤተሰቡ እንዴት እያደገ እንደ ሄደ ይመሰክራል።

ከጆን በላይ መዝገቡ ይሳሳል። በ1524 ንጉሡ ግብር ባስጣለ ጊዜ በዌስትቢ መንደር ሳይመን ኒውተን የሚባል ሰው ዝቅተኛውን ግብር፣ 4 ፔኒ፣ ከፍሏል። በ1544 ግን ከመንደሩ ግብር የከፈሉት አራት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ሁለቱ ጆን የሚባሉ ኒውተኖች ነበሩ። ሳይመን የእነዚህ አባትና አያት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይገመታል፤ ግምት ግን ማስረጃ አይደለም። የስም መመሳሰልና የመንደር አንድነት ዝምድናን ያመለክታሉ እንጂ አያረጋግጡም። ጠንቃቃ ተመራማሪ የተረጋገጠውንና የተገመተውን ለይቶ ይጽፋል።

ኒውተን ራሱ በ1705 የክብር ማዕረግ ካገኘ በኋላ የትውልድ ሐረጉን አዘጋጅቶ ለመኳንንት ሐረግ መዝጋቢው ጽሕፈት ቤት አቅርቧል። የጀመረውም ከዌስትቢው ጆን ነው። አራት ፔኒ ከፋዩን ሳይመንን ያገኙት በግብር መዝገብ ውስጥ የፈለጉት የኋላ ዘመን አጥኚዎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ወረቀት የሚከተለው ንብረትን ነው። መሬት የገዛ፣ ግብር የከፈለና የሚናዘዘው ሀብት ያለው ሰው ይጻፋል። በ1524 ከሳይመን ጋር አራት አራት ፔኒ የከፈሉት ጎረቤቶቹም ልጆችና የልጅ ልጆች ሳይኖሯቸው አልቀረም፤ ነገር ግን ወደ ርስት ባለቤትነት ያልደረሱት ዱካቸው ጠፍቷል። ሴቶችም የሚታዩት በአብዛኛው ሲያገቡ፣ ሲወልዱና ሲሞቱ ነው። የሊቁ እናት ሐና አይስካፍ ለልጇ በ1665 የላከችው አጭር ደብዳቤ መትረፉ እንኳ ልጇ ኒውተን ስለሆነ ነው። የኒውተን አባቶች ስማቸውን ለመፈረም አልቻሉምና፣ ስለ እነርሱ የሚታወቀው ሁሉ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነው።

እንግዲህ የገበሬን ትውልድ የሚመረምር ሰው ያገኘውን ስም እንደ ሙሉ ታሪክ፣ ያጣውንም እንዳልነበረ ሊቆጥር አይገባውም። የመዝገቡ ዝምታ የጸሐፊው ዝምታ ነው፤ አራሹ ግን መሬቱ ላይ ነበረ።