ለአንባቢ መጽሐፍ ስለ መምረጥ፦ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የምክር ታሪክ

ወደ ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው በመደርደሪያ ላይ ከተሰለፉት ብዙ ሺሕ መጻሕፍት መካከል የትኛውን እንደሚያነብ ሲቸግረው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ዕድሉን ሞክሮ እጁ የደረሰበትን መውሰድ ነው። ሁለተኛው መጻሕፍቱን ወደሚያውቀው ሠራተኛ ቀርቦ «ምን ይሻለኛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በመልሱ ውስጥ ሥልጣን አለበት፤ «ይህን አንብብ» የሚል ሰው «ያን አታንብብ» ለማለትም ቅርብ ነውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ለአንባቢ መጽሐፍን፣ በኋላም ሙዚቃንና ፊልምን መምከር እንዴት እንደ ጀመሩ፣ ምክሩም በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለዋወጠ ባጭሩ ማሳየት ነው። አሜሪካን የመረጥሁት ይህ ልማድ በዚያ አገር እንደ ሙያ ተቈጥሮ ብዙ ክርክር ስለ ተነሣበት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ነገር እንዳስብ ያደረገኝን አስቀድሜ ልናገር። በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ቁም ሣጥን ነበር። ቁልፉን የያዙት መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ ከቁም ሣጥኑ ፊት ወንበር ይዘው ይቀመጡና ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ መጽሐፍ መርጠው ይሰጡን ነበር። ማንበብን የወደድሁት እርሳቸው «ይህን በልጅነቴ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» ብለው በሰጡኝ አንድ የባሕር ጉዞ ታሪክ ነው። በሁለተኛው ቁም ሣጥን የነበሩትን መጻሕፍት ግን አራት ዓመት ሙሉ በመስተዋቱ በኩል ጀርባቸውን ብቻ አየሁ። «ለአንተ አይሆንም» ከመባል በቀር ምክንያቱ አልተነገረኝም። እኒህ መምህር ባለውለታዬም በረኛዬም ነበሩ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው እጅ እንዴት ሊገናኙ እንደሚችሉ የአሜሪካው ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

፩. የቦስቶን ሁለት አሳቦች

በቦስቶን ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲቋቋም በ1848 በሕግ ተፈቀደ፤ በሩ የተከፈተው ግን በ1854 ነው። ከመከፈቱ አስቀድሞ በ1852 የአደራ ጠባቂዎቹ ጉባኤ ለከተማው አስተዳደር አንድ ሪፖርት አቀረበ። በዚህ ሥራ የሁለት ሰዎች ስም ይጠራል። አንደኛው የማሳቹሴትስ አገረ ገዥና የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኤድዋርድ ኤቨሬት ናቸው። ሁለተኛው በዚያው በሃርቫርድ የፈረንሳይኛና የእስፓኝ ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ የነበሩት ጆርጅ ቲክነር ናቸው። ኤቨሬት በይበልጥ ያሰቡት ሊቃውንት ተቀምጠው የሚመራመሩበትን ቤት ነበር። ቲክነር ግን ሕዝቡ የሚወዳቸው የጊዜው መጻሕፍት በብዙ ቅጂ ተገዝተው ወደየቤቱ እንዲወሰዱ አጥብቀው ተከራከሩ። ምክንያታቸውም ሰው አንድ ጊዜ ማንበብ ከለመደ ጣዕሙ እየተሻሻለ ሄዶ ከፍ ያለውን መጽሐፍ ራሱ ይሻል የሚል ነበር።

ወደ ፊት የሚነሣው ክርክር ሁሉ በዚህ አሳብ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። አንባቢው ከሚወደው ነገር ይጀምር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከፍ ወዳለው ይድረስ ማለት ሌላ ነው። ከፍ ያለው የትኛው እንደ ሆነ የሚፈርደው ማን ነው? ቲክነር ፍርዱን ለአንባቢው ለራሱ የተዉት ይመስላል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሁሉ ግን እንዲህ አልተዉትም።

፪. ሚስተር ግሪንና ዓይን አፋሩ አንባቢ

በጥቅምት ወር 1876 የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በፊላዴልፊያ ተሰብስበው የአሜሪካን የቤተ መጻሕፍት ማኅበር መሠረቱ። የተገኙት 103 ሰዎች ሲሆኑ ከእነዚህ 13ቱ ሴቶች ነበሩ። በዚያ ጉባኤ የዉስተር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ሳሙኤል ስዌት ግሪን በሠራተኛና በአንባቢ መካከል ስለሚኖረው ግንኙነት ያቀረቡት ጽሑፍ ለዚህ ሙያ እንደ መጀመሪያ ድንጋይ ይቈጠራል።

የጽሑፉን ክብደት ለመረዳት የጊዜውን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን በብዙ ቤተ መጻሕፍት አንባቢ ወደ መደርደሪያው አይገባም ነበር። የሚፈልገውን ከካታሎግ መርጦ በጠረጴዛ በኩል ይጠይቃል፤ መጽሐፉን ሠራተኛ ያመጣለታል። የመጽሐፉን ስም የማያውቅ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው፣ አፍሮ ዝም ያለ ሰው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ዉስተር የፋብሪካ ከተማ ስለ ነበረች ሚስተር ግሪን እንዲህ ያለውን ሰው በየቀኑ ያዩ ነበር። ስለዚህ ሠራተኛው እንግዳ እንደሚቀበል ባለቤት ፊቱ የተፈታ ይሁን፤ ነጋዴ ገበያተኛው ሳይገዛ እንዲወጣ እንደማይወድ ሁሉ እርሱም ጠያቂውን ያለ መልስ አይስደድ ሲሉ መከሩ። ከዚህም ጋር አንድ ወሰን አኖሩ፤ ሠራተኛው በፖለቲካ፣ በሃይማኖትም ሆነ በፍልስፍና የራሱን ወገን ለመስበክ በቦታው እንዳይጠቀም አስጠነቀቁ።

ይህ ወሰን ግን ልብ ወለድን በሚመለከት እምብዛም አልተጠበቀም። ከቤተ መጻሕፍት ከሚወጡት መጻሕፍት የሚበዙት ልብ ወለዶች ስለ ነበሩ ብዙ ኃላፊዎች ይህን እንደ በሽታ ቈጠሩት። ሚስተር ግሪን በ1879 ስለዚሁ ጉዳይ ሲናገሩ፣ ንባብ ያልለመደ ሰው በቀላል ታሪክ ቢጀምር ጥቅም አለው ከሚሉት ወገን ሆኑ። ማኅበሩ በበኩሉ ለትንንሽ ቤተ መጻሕፍት መምረጫ የሚሆን የ5,000 መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅቶ በ1893 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን አሳየ። እንግዲህ ምክር ከአንድ ሠራተኛ አፍ ወጥቶ በማኅተም የሚሰራጭ ዝርዝር ሆነ። በሌላ በኩል በ1890 በክሊቭላንድ ዊልያም ሃዋርድ ብሬት መደርደሪያውን ለአንባቢ ክፍት አደረጉ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። መደርደሪያው ዝግ በነበረ ጊዜ ጥያቄ ግዴታ ነበር፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ፈቃድ ሆነ።

፫. የአንባቢ አማካሪዎች

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጐልማሶች ትምህርት በአሜሪካ ትልቅ ጉዳይ ሆነ። ማኅበሩ በ1925 በየትምህርቱ ዐይነት በሊቃውንት የተጻፉ ትንንሽ መጻሕፍትን ማሳተም ጀመረ። እያንዳንዱ ስለ ትምህርቱ መግቢያ ከሰጠ በኋላ በተራ የሚነበቡ ጥቂት መጻሕፍትን ይዘረዝር ነበር። በትልልቅ ከተሞችም «የአንባቢ አማካሪ» የሚባል ሹመት ተፈጠረ። በኒው ዮርክ ይህን ሥራ በ1920ዎቹ ማለቂያ ያደራጁት ሚስ ጄኒ ፍሌክስነር ናቸው።

አሠራሩ የሐኪምን ይመስላል። አማካሪዋ አንባቢውን ለብቻው አስቀምጣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሥራው፣ ምን ማወቅ እንደሚሻ ትጠይቀዋለች። ከዚያ በኋላ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ዝርዝር ተጽፎ ይሰጠዋል። ከ1929 በኋላ በመጣው የኢኮኖሚ ውድቀት ሥራ ያጡ ሰዎች ወደ ቤተ መጻሕፍት በብዛት ይመጡ ስለ ነበር ይህ አገልግሎት ተፈላጊ ሆነ። ሆኖም ለአንድ ሰው ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ውድ ነበር። ደግሞም ለትምህርት ብሎ የመጣውን እንጂ ለደስታው ሊያነብ የመጣውን እምብዛም አላስተናገደም። በ1940ዎቹ እየደከመ ሄደ፤ ሚስ ፍሌክስነርም በ1944 አረፉ።

፬. የሚስ ሙር ፍቅርና የተዘጋው በር

በዚያው በኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት ከ1906 እስከ 1941 የልጆችን ክፍል የመሩት ሚስ አን ካሮል ሙር ነበሩ። ስለ እርሳቸው ክፉውን ብቻ መናገር ግፍ ነው። ልጆችን እንደ ረባሾች ቈጥሮ ከበር መመለስ በተለመደበት ዘመን ለእነርሱ ልክ የተሠራ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ክፍል አደራጁ፤ ተረት የሚነገርበትን ሰዓት አስፋፉ፤ ስሙን መጻፍ የቻለ ልጅ ሁሉ መጽሐፍ ወደ ቤቱ እንዲወስድ አደረጉ። ስለ ልጆች መጻሕፍት በጋዜጣ የሚጽፉት ትችትና የሚያወጡት ዝርዝር በመላው አገሪቱ ይጠበቅ ነበር። አሳታሚዎችም የእርሳቸውን ፍርድ ይፈሩ ነበር።

ችግሩ የተነሣው ከዚሁ ፍቅር ነው። ሚስ ሙር የወደዱት ተረትንና የምናብን ዓለም ነበር። በሌላ በኩል ሉሲ ስፕሬግ ሚቸል በ1921 ባሳተሙት መጽሐፍ ትንሽ ልጅ በዙሪያው ስለሚያየው ነገር፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤቱ ዕቃ መስማት ይወዳል የሚል አሳብ አመጡ። የዚህ አሳብ ተከታይ ማርጋሬት ዋይዝ ብራውን በ1947 «ደኅና እደሪ፣ ጨረቃ» የተባለውን የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ። ሚስ ሙር በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ቃላቸው ግን ገና አልወጣም። መጽሐፉን አልወደዱትም። ቤተ መጻሕፍቱም እስከ 1972 ድረስ ሳይገዛው ቀረ።

ይህን የሚመሰክረው ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ነው። በ2020 የተቋቋመበትን 125ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ከሁሉ ይልቅ የተዋሱትን ዐሥር መጻሕፍት ሲያስታውቅ፣ አንደኛ የወጣው 485,583 ጊዜ የተዋሰው የእዝራ ጃክ ኪትስ «የበረዶው ቀን» ነበር። በዚያው ማስታወቂያ «ደኅና እደሪ፣ ጨረቃ» ከዐሥሩ ውጭ በክብር ተጠቅሶ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው ለ25 ዓመት ከመደርደሪያው ስለ ታጣ መሆኑ ተገለጠ። ገንዘብ ያለው ወላጅ መጽሐፉን ከሱቅ ገዝቶ ለልጁ አነበበለት። የተጐዳው ከቤተ መጻሕፍት በቀር መጽሐፍ የሚያገኝበት ሌላ በር ያልነበረው የድኻ ልጅ ነው።

በዚያው ቤተ መጻሕፍት፣ በዚያው ዘመን፣ ምርጫ በርን ሊከፍት እንደሚችል ያሳየ ሌላ ሥራም ነበር። በሃርለም ሰፈር ቅርንጫፍ ትሠራ የነበረችው አውጉስታ ቤከር ጥቁር ልጆች በመጻሕፍት ውስጥ ራሳቸውን በክብር እንደማያገኙ አየች። በ1939 የጥቁሮችን ሕይወት በትክክል የሚያሳዩ የልጆች መጻሕፍትን መሰብሰብ ጀመረች፤ በኋላም ዝርዝሩን አሳተመች። በ1961 የመላው ቤተ መጻሕፍት የልጆች አገልግሎት ኃላፊ ሆና ተሾመች። ቤከርም እንደ ሚስ ሙር መርጣለች፤ አንዳንዱንም መጽሐፍ ጥላለች። ልዩነቱ የጀመረችበት ቦታ ነው። ሚስ ሙር ከራሳቸው ጣዕም ተነሡ፤ ቤከር ግን ከፊቷ ከቆመው ልጅ ተነሣች።

፭. የምክር መመለስ

ለደስታ የሚነበበውን መጽሐፍ መምከር እንደ ገና ክብር ያገኘው በ1980ዎቹ ነው። ቤቲ ሮዘንበርግ በ1982 ልብ ወለዶችን በየዐይነታቸው የሚለይ መምሪያ አሳተሙ፤ ማንም ሰው ስለሚወደው መጽሐፍ ማፈር እንደሌለበት ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። በ1989 ጆይስ ሳሪክስና ናንሲ ብራውን ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ ሠራተኛው «ይህ መልካም መጽሐፍ ነው» ከማለቱ በፊት አንባቢው ቀድሞ ያነበበውን ለምን እንደ ወደደው እንዲጠይቅ መከሩ። ታሪኩ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? ሰዎቹ ናቸው የማረኩት ወይስ ቦታው? በዚህ መንገድ የሠራተኛው ጣዕም ወደ ኋላ ቀርቶ የአንባቢው ጣዕም ወደ ፊት መጣ። በ1998 በሲያትል በናንሲ ፐርል መሪነት የከተማው ሕዝብ አንድ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ አንብቦ እንዲወያይ የተደረገው ሙከራ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ።

ምክሩም በመጽሐፍ ብቻ አልተወሰነም። በሴንት ፖል ከተማ ገና በ1914 የሙዚቃ ሸክላ ማዋስ ተጀምሮ ነበር። ዛሬም በብዙ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የወደዱትን መጽሐፍ፣ ሙዚቃና ፊልም በአንድ መደርደሪያ ላይ አኑረው፣ የወደዱበትን ምክንያት በትንሽ ወረቀት ጽፈው ይለጥፉበታል። አንባቢው ወረቀቱን አንብቦ ሊያነሣው ይችላል፤ አልፎትም ሊሄድ ይችላል።

፮. መደምደሚያ

የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ራንጋናታን በ1931 ባሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ሙያ አምስት ሕጎች አወጡ። ከእነዚህ አንዱ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚስማማው መጽሐፍ እንዲገኝለት ያዛል፤ ሌላው ደግሞ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው እንዲገኝለት ያዛል። ሚስ ሙር የመጀመሪያውን በትጋት ፈጸሙ፤ ሁለተኛውን ግን ዘነጉት። እርሳቸው ያልወደዱት መጽሐፍም አንድ ቦታ የሚጠብቀው ልጅ ነበረው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሚወደውን ነገር ይደብቅ የሚል አይደለም። ያለ ፍቅር የተሰጠ ምክር ማንንም አያነሣሣም፤ እኔንም ያስነበበኝ የመምህሬ «ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» ነው። ትምህርቱ ምክርና ቁልፍ አይደባለቁ የሚል ነው። የሚመክር ሰው የወደደውን በስሙና በምክንያቱ ይናገር፤ ያልወደደው መጽሐፍ ግን በመደርደሪያው ላይ ይኑር። በእኛም የንባብ አዳራሽ ሠራተኞች፣ መምህራንና ተማሪዎች የወደዱትን መጽሐፍ ስምና ምክንያቱን የሚጽፉበት አንድ ሰሌዳ ቢሰቀል ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

በመጨረሻ ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ቁም ሣጥን ልናገር። ጀርባውን በመስተዋት አየው ከነበሩት መጻሕፍት አንዱን ባለፈው ዓመት በኮሌጃችን መደርደሪያ ላይ አገኘሁትና ወስጄ አነበብሁት። እውነቱን ለመናገር እምብዛም አልወደድሁትም፤ ምናልባት መምህሬ ልክ ነበሩ። ነገር ግን እንደማልወደው ያወቅሁት አንብቤው ነው።