የሐይቅ ደለልን ምንጭ በማዕድን መለየት

የሐይቅ ደለልን ምንጭ በማዕድን መለየት፣ በሐይቅ ወለል ላይ የተጋደመው ጭቃና አሸዋ ከየትኛው አለት ታጥቦ እንደመጣ የሚመረመርበት የሥነ ምድር ዘዴ ነው። መነሻው ግልጽ ነው፤ ግናይስና ግራናይት ሲፈርሱ ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ሚካ ይተዋሉ። ባዛልት ግን ኳርትዝ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲበሰብስ በአብዛኛው ስሜክታይት ወደተባለው የሸክላ ማዕድን ይለወጣል። ገበሬ ዋልካ የሚለው፣ ክረምት አብጦ በጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ጠባዩን ያገኘው ከዚሁ ማዕድን ነው። አሸዋው በማይክሮስኮፕ፣ ደቃቁ ሸክላ በኤክስሬይ ተመርምሮ የማዕድናቱ ድርሻ ከአካባቢው አለቶች ጋር ይነጻጸራል። ይሁን እንጂ ማዕድን ስለ ትውልድ ቦታው የሚሰጠው ምስክርነት የሚታመነው ከወንዝ የመጣው፣ ሐይቁ ራሱ የፈጠረውና ከሌላ ዘመን የተቀላቀለው ተለይተው ሲታወቁ ብቻ ነው። ከድንበር ከተማዋ ከሞያሌ በስተምዕራብ የሚገኙት የጨው ባሕርና የቱርካና ሐይቅ ተፋሰሶች ይህን ያስረዳሉ።

ጨው ባሕር በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን አጠገብ የሚገኝ፣ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ የሚታይ ረባዳ ነው። ወይጦና ሰገን ወንዞች ይገቡበታል። ከምዕራቡ ያለው የሐመር ሰንሰለት በአብዛኛው ጥንታዊ ግናይስ ሲሆን በሰሜንና በምሥራቅ ያሉት ከፍታዎች ባዛልት ይበዛባቸዋል። ለምንጭ ፍለጋ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አይገኝም ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 መገባደጃ በተቆፈረው ጉድጓድ ወደ 290 ሜትር የሚጠጋና የ620,000 ዓመት ታሪክ የያዘ የደለል ዓምድ ወጥቷል። ከዚያ በፊት በወጡ አጫጭር ዓምዶች ፖታሲየም በድርቅ ዘመን ከፍ፣ በዝናብ ዘመን ዝቅ ሲል ታይቶ ነበር። ፖታሲየም በግናይስ ፌልድስፓርና ሚካ ውስጥ ስለሚገኝ፣ በድርቅ ዕፅዋት ያጣው የሐመር ቁልቁለት በብዛት ታጥቧል የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ነበር። የሸክላው ማዕድናት በቅርብ ሲጠኑ ግን ሌላ ነገር ተገለጠ፤ ሐይቁ ሲተንንና ጨዉ ሲበረታ ስሜክታይቱ ከውኃው ፖታሲየም እየሳበ ኢላይት ወደተባለ ሌላ የሸክላ ማዕድን ይለወጥ ነበር፤ አናልሳይም የተባለውም ማዕድን እዚያው ተፈጥሯል። የፖታሲየሙ ዋና ምስክርነት ስለ ተራራው ሳይሆን ስለ ውኃው ጨዋማነት ነበር።

የመቀላቀልን አደጋ የሚያሳየው ደግሞ ቱርካና ነው። የሞያሌ የኬንያው ክፍል የሚገኝበት የማርሳቢት ካውንቲ እስከዚህ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዘልቃል፤ በዚያም ኩቢ ፎራ አለ። በኩቢ ፎራ የጥንት ደለሎች መካከል ኬቢኤስ የተባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜው መጀመሪያ ሲለካ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሚል የማይሆን ውጤት ተገኘ፤ ከአመዱ ጋር የቆዩ አለቶች ፍርፋሪ ተቀላቅሎ ነበርና። ቀጥሎ የተሰጠው 2.6 ሚሊዮንም ለዓመታት አከራከረ። ዕድሜው ወደ 1.88 ሚሊዮን ዓመት ግድም የረጋው ንጹሕ ክሪስታሎች ተመርጠው ሲለኩ ሲሆን፣ የአመዱ ኬሚካዊ ቅንብር በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ካለ ንጣፍ ጋር መግጠሙም አገዘ።

ሐይቁ ማዕድኑን የሚለውጥና የሚቀላቅል ከሆነ ዘዴው ምን ይረባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ሁሉም ማዕድን እኩል አይለወጥም የሚል ነው። ኳርትዝና ዚርኮን በጨዋማ ውኃ ውስጥም በአብዛኛው መልካቸውን ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ስለ ምንጭ ሻካራው አሸዋ፣ ስለ ሐይቁ ጠባይ ደቃቁ ሸክላ ይጠየቃል። ወንዝ ከባዱን በአፉ ጥሎ ቀላሉን ወደ ጥልቁ ስለሚወስድ በእኩል መጠን የተበጠሩ ቅንጣቶችን ብቻ ማነጻጸር ግድ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ድጋሚ ጉዞ ነው፤ የኦሞ ወንዝ በጥንት ዘመን ያመጣው ደለል ዛሬ ከኩቢ ፎራ ዳርቻ እየታጠበ ወደ ቱርካና ሲመለስ፣ ማዕድኑ የኢትዮጵያን ደጋ ይጠራል እንጂ በቅርቡ የተነሣበትን ቦታ አይናገርም። ይህን ተቃውሞ ማዕድን ብቻውን አይመልስም፤ የንጣፎቹ አቀማመጥና የአመዶቹ ዕድሜ መጨመር አለባቸው። ማዕድን የወላጁን አለት ይመሰክራል፤ የመጣበትን መንገድ ለማወቅ ግን ሌሎች ምስክሮች ያስፈልጋሉ።