ኤም.አይ-8 የትራንስፖርት ሄሊኮፕተር፦ ከካራማራ እስከ ኦሞ ጎርፍ

ነሐሴ 7 ቀን 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ከገደፉ አልፎ በደቡብ ኦሞ ዞን የዳሰነችና የኛንጋቶም አርብቶ አደሮች የሚኖሩባቸውን 14 መንደሮች አጥለቀለቀ። በወቅቱ ይፋ በተደረገው አኃዝ መሠረት 364 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ከ3 ሺህ የማያንሱ ከብቶች ሰጥመዋል፤ 760 የእህል ጎተራዎችም በውኃ ተወስደዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ደግሞ በጎርፉ መካከል ጉብታ በሆኑ ቦታዎች ላይ ተከበው ቀርተዋል። ድሬዳዋ ከተማ ከ250 በላይ ነዋሪዎቿን በደራሽ ጎርፍ ካጣች ገና አንድ ሳምንት መሆኑ ነበር።

የያኔው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከነበረችው ሐዋሳ እስከ ኦሞራቴ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር 370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመኪና መንገዱ ከዚህ እጅግ ይረዝማል፤ በክረምት ደግሞ የታችኛው ኦሞ መንገድ አስተማማኝ አልነበረም። በመሆኑም ለነፍስ አድን ሥራው የቀሩት መሣሪያዎች የሞተር ጀልባና የመከላከያ ሠራዊት ሄሊኮፕተር ነበሩ።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል የትራንስፖርት ሄሊኮፕተሮች ለበርካታ ዓመታት በዋናነት የኤም.አይ-8 እና ከእርሱ የተሻሻለው የኤም.አይ-17 ዝርያ ናቸው። ኤም.አይ-8 በሶቪየት ኅብረት በሚል የዲዛይን ቢሮ ተነድፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ ባለ ሁለት ሞተሩ ዓይነት በተከታዩ ዓመት ተሞክሯል። ሁለት አብራሪዎችና አንድ የበረራ መሐንዲስ ይዞ 24 ወታደሮችን ወይም በቃሬዛ የተኙ 12 ቁስለኞችን ያጓጉዛል። የጭነት አቅሙ እስከ 4 ቶን ሲደርስ፣ ከኋላ በኩል እንደ ቅርፊት ለሁለት የሚከፈተው በሩ ጭነትን ለማስገባት ያመቻል። በዓለም በብዛት ከተመረቱት ሄሊኮፕተሮች አንዱ የሆነውም እምብዛም ባልተደራጀ ሜዳ ላይ ለመሥራት በመቻሉ ነው።

የሶቪየት ሄሊኮፕተሮች በኢትዮጵያ ስማቸው የተነሣው በሶማሊያ ወረራ ዘመን ነው። በ1970 ዓ.ም. ጅጅጋን መልሶ ለመያዝ በተካሄደው ዘመቻ ኤም.አይ-6 የተባሉት ግዙፍ ሄሊኮፕተሮች ከኤም.አይ-8 ጋር በመሆን ወታደሮችንና ቀላል መሣሪያ የተጠመደባቸውን ተሽከርካሪዎች ከተራራው ሰንሰለት በስተጀርባ አራግፈዋል። የካራማራ በር በጠላት እጅ እያለ ከኋላ የመጣው ይህ ኃይል የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ለተገኘው ድል ድርሻ ነበረው።

ከሰባት ዓመት በኋላ ያው መሣሪያ ለሌላ ተግባር ተሰማራ። በ1977ቱ ድርቅ ሶቪየት ኅብረት 24 ሄሊኮፕተሮችን፣ 12 የአንቶኖቭ-12 አውሮፕላኖችንና 300 የጭነት መኪናዎችን ልካለች። ከእነዚህ አውሮፕላኖች ከፊሉ ለሠፈራ ፕሮግራሙ መዋሉና የሠፈራው አፈጻጸም ከባድ ወቀሳ ማስከተሉ የታሪኩ አካል ነው። ፖላንድም ሦስት ኤም.አይ-8 ሄሊኮፕተሮች ያሉት የእርዳታ ቡድን አሰማርታ ነበር። የቡድኑ ሥራ ዛሬም ትምህርት የሚሰጥ ነው። የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች በሰሜን ሸዋ ደጋማ ቦታዎች እህል ከአየር ከመጣላቸው በፊት፣ ሄሊኮፕተሮቹ ቀድመው በማረፍ የመጣያውን ሜዳ የሚያዘጋጁ ሰዎችን ያደርሱ ነበር። እህሉን የጣሉት ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ቢሆኑም፣ እህሉ ከሚፈለግበት ቦታ እንዲያርፍ ያስቻለው ሄሊኮፕተሩ ያወረዳቸው ጥቂት ሰዎች ሥራ ነበር።

ከዚህ ላይ በአስተዳደር ሥራ ላይ ያሉ ኃላፊዎች ብዙውን ጊዜ የማያስተውሉት አንድ ጉዳይ ይነሣል። በመመሪያ መጽሐፉ የተጻፈው 4 ቶን በየትም ቦታ የሚገኝ 4 ቶን አይደለም። አየሩ ሲሳሳና ሲሞቅ የሞተሩም ሆነ የሚሽከረከረው ክንፍ ጉልበት ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹ ኤም.አይ-8ዎች መደበኛ ክብደታቸውን ይዘው ከመሬት ርቀው በአንድ ቦታ ሊያንዣብቡ የሚችሉት እስከ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ነው፤ መሬት አጠገብ ሲሆኑ ደግሞ እስከ 1,900 ሜትር ይደርሳሉ። ሐዋሳ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። የታችኛው ኦሞ ሜዳ ወደ 400 ሜትር ዝቅ የሚል በመሆኑ ለሄሊኮፕተር የተሻለ ነው፤ ይሁንና የቆላው ሙቀት ከዚህ ጥቅም ከፊሉን መልሶ ይወስዳል። በጠንካራ ሞተር የተሠራው ኤም.አይ-17 ተፈላጊ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ነዳጅ ነው። የአየር ኃይሉ ዋና ጣቢያ ከሚገኝባት ቢሾፍቱ እስከ ኦሞራቴ በቀጥታ መስመር ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የኤም.አይ-8 መደበኛ ታንኮች ከ450 እስከ 500 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነዳጅ ይይዛሉ። ስለዚህ በመንገድ ላይ፣ ለምሳሌ በሐዋሳ ወይም በአርባ ምንጭ፣ ነዳጅ ሊዘጋጅለት ይገባል። ጎርፉ ካለበት ቦታ አጠገብ ነዳጅ በበርሜል ካልደረሰ ሄሊኮፕተሩ የመመለሻውን ተሸክሞ መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ ተጨማሪ ታንክ ሲጫንለትም የሰውና የእህል ቦታ በዚያው ልክ ይጠባል። አስቀድሞ የተላከ አንድ የነዳጅ ቦቴ አንዳንድ ጊዜ ከሁለተኛ ሄሊኮፕተር የበለጠ ይጠቅማል።

ስሌቱም ይህንኑ ያሳያል። በአንድ ምልልስ 24 ሰው ቢነሣ፣ 1,000 ሰው ለማውጣት ከ40 በላይ ምልልስ ያስፈልጋል። እህል ቢጫን ደግሞ 4 ቶን ማለት 40 ኩንታል ነው፤ በወር 15 ኪሎ ግራም በሆነው የእርዳታ ስፍር ሲታሰብ ለ266 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ይሆናል። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን የብርሃን ሰዓታት ለሰው ማንሣት ወይስ ለምግብ ማድረስ ማዋል እንደሚገባ የሚወስነው አብራሪው አይደለም። ውሳኔው የዞኑና የወረዳው አስተዳደር በሚሰጠው መረጃ ላይ የተመሠረተ ነው፦ የትኛው ጉብታ ላይ ስንት ሰው አለ፣ ውኃው እየጨመረ ነው ወይስ እየጎደለ፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች የት ናቸው። ከብቱን ጥሎ በሄሊኮፕተር መሳፈር ለአርብቶ አደሩ ቀላል ነገር ባለመሆኑም በቋንቋው የሚያነጋግረው የአገር ሽማግሌ ከበረራ ሠራተኞቹ ጋር እንዲሄድ ማድረግ የአስተዳደሩ ኃላፊነት ነው።

በሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. በ2000 በደረሰው ጎርፍ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ጥቂት ሄሊኮፕተሮች ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ከዛፍና ከጣሪያ ላይ አንሥተዋል። ከሩቅ አገሮች የተላኩት ሄሊኮፕተሮች በቁጥር የሚያይሉ ቢሆኑም የደረሱት አብዛኛው ነፍስ አድን ሥራ ከተከናወነ በኋላ ነበር።

መሣሪያው ኖሮ ፈቃድ ሲታጣ የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራዊት በአብዬ አይቶታል። በሐምሌ ወር 2003 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ኃይል ሥር የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎች ማቦክ በተባለ ስፍራ የተቀበረ ፈንጂ ፈነዳባቸው። አንዱ ወዲያውኑ ሲሞት፣ ሦስቱ ቁስለኞች ሕክምና ሳያገኙ ሕይወታቸው አልፏል። የድርጅቱ ኃላፊዎች እንደገለጹት የቁስለኛ ማመላለሻ ሄሊኮፕተሩ በወቅቱ እንዳይነሣ ያደረገው የሱዳን መንግሥት የበረራ ፈቃድ አለመስጠቱ ሲሆን፣ ከተነሣም እንደሚመታ ማስፈራሪያ ደርሶ ነበር።

የአንድ ሄሊኮፕተር የአገልግሎት ታሪክ በቴክኒክ ረገድ የሚጻፈው በበረራ ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ኤም.አይ-8 የተቀየረለት ሞተር፣ የደረሰበት ብልሽትና የተደረገለት ዕድሳት የሚመዘገብበት የራሱ መዝገብ አለው፤ ሰዓቱ ሲሞላም ሙሉ ዕድሳት ሳይደረግለት መብረር የለበትም። በቢሾፍቱ የሚገኘው የደጀን አቪዬሽን ይህን መሰል ሥራ በአገር ውስጥ ለማከናወን የተቋቋመ ነው። በሌላ አገር እንዲህ ያለው መዝገብ ለሕዝብ የሚነገር ታሪክ ሆኗል። ዜድ ኤ 718 የሚል ቁጥር ያለው የእንግሊዝ ቺኑክ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ጦርነት አብረውት የመጡት ሦስት ቺኑኮች ከመርከቧ ጋር ሲቃጠሉ ብቻውን ተርፎ 40 ዓመት ካገለገለ በኋላ በ2022 ሙዚየም ገብቷል። በኦሞ ጎርፍ የተሰማሩት የኢትዮጵያ ሄሊኮፕተሮችና የበረራ ሠራተኞቻቸው ግን በሕዝብ ዘንድ በስምም በቁጥርም አይታወቁም።

ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ የኦሞን የክረምት ፍሰት ቀይሮታል፤ ያም ሆኖ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የቱርካና ሐይቅ መሙላትና የወንዙ ጎርፍ የዳሰነች ነዋሪዎችን ደግመው አፈናቅለዋል። ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ስትሆን፣ ደቡብ ኦሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ገብቷል። የዚህ ክልል ቢሮዎች በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በጂንካና በሌሎች ከተሞች የተደለደሉ በመሆናቸው፣ ከዳሰነች የሚነሣ የሄሊኮፕተር ጥያቄ ወደ ፌዴራል ለመድረስ የሚያልፍበት መንገድ ከዚያን ጊዜው የተለየ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ኦሞራቴ ያለው ርቀትና የታንኩ ልክ ግን እንደነበሩ ናቸው።