ሰባራ ድልድይ፦ ከሞጣ ቁልቁል

ከሞጣ ወደ ዓባይ መውረድ ጉልበት ይጠይቃል። ጠዋት ደጋው ላይ ጋቢ ያስደርባል፤ ሸለቆው ውስጥ ስትገቡ ግን ሸሚዙም ይከብዳችኋል። መንገዱ የአህያና የገበያተኛ ነው። ታች፣ ጎጃም አልቆ በጌምድር የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ ሰባራ ድልድይ ቆሟል።

ሌላ አገር ጀልባ የማይሄድበትን የድሮ ቦይ አጽድተው፣ ዳሩን ዛፍ ተክለው መናፈሻ ያደርጉታል። ቅርሱ ሥራውን ጨርሷላ! የእኛው ድልድይ ግን ተሰብሮም ጡረታ አልወጣም ነበር።

ድልድዩን ያሠሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት አፄ ፋሲል ናቸው ይባላል። ብዙ ሰው «የፖርቹጋል ድልድይ» ይለዋል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ሲነግሡ የካቶሊኩን እምነት አስቀርተው፣ ብዙም ሳይቆዩ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጥተዋል። በኖራ ድንጋይ ማያያዙ ግን በአባታቸው በሱስንዮስ ዘመን ተስፋፍቶ ስለነበር ከሚሲዮኖቹ ጋር አብሮ አልወጣም። እውቀቱ ከውጭ ቢመጣ እንኳ ድንጋዩን የጠረበው፣ የተሸከመውና የካበው እጅ የማን ነበር? ስሙ ይህን ይሸፍንብናል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በወረራው ዘመን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር የድልድዩን መሐል ቆርጠው ጣሉት። ሲያፈርሱት አብረው ወንዝ የገቡ እንደነበሩም ይነገራል። አስቡት፤ የገዛ ገበያህን፣ የገዛ ዘመድህን መንገድ በገዛ እጅህ መቁረጥ!

ጠላት ሄደ፣ ክፍተቱ ቀረ። ዓባይ በክረምት በእግር አይደፈርም። ስለዚህ ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ጎረምሶች ገመድ ወርውረው፣ መንገደኛውን ወገቡን አስረው በአየር ላይ ይጎትቱት ነበር። ከታች የሚያገሳ ውሃ፣ ከላይ የሰው ክንድ። አንድ አሜሪካዊ ይህን ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ። በ2005 ጎርፍ ብረቱን ወሰደው። በ2009 ደግሞ እዚያው አካባቢ፣ ከጎርፉ ከፍ ያለ የገመድ ድልድይ ተዘረጋ።

የአርበኞቹ ስብራት ግን ዛሬም አለ። አንዳንዱ «ይጠገን፣ ድሮ እንደነበረው ይሁን» ይላል። እኔ አልስማማም። የቆመው ድንጋይ እንዳይናድ ይጠበቅ፣ ሣርና ቁጥቋጦው ይነቀል፣ ታሪኩ ተጽፎ ይቁም። ክፍተቱን ግን አትድፈኑት። ፋሲል ያሠሩትን የሚነግረን ድንጋዩ ነው፤ አርበኞቹ የከፈሉትን የሚነግረን ግን ባዶው ቦታ ብቻ ነው።

ማታ ዳገቱን ስንወጣ ጨው የጫኑ አህዮች በገመዱ ድልድይ ተሻግረው ቀደሙን። ነጂዎቹ ዘወር ብለው አሮጌውን አላዩም። ማየት የእኛ የእንግዶቹ ፈንታ ነው፤ የእነሱስ መሻገር ነው።