ዙፋኑና ጋዜጣው

የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ በእጅ ተጽፎ ይታደል ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ ጥቂት ቅጂዎችን እያዘጋጀ ለቤተ መንግሥቱና ለመኳንንቱ ያደርስ ነበር፤ «አእምሮ» የሚለውን ስም ያወጡለትም ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው ይባላል።

የኅትመትን ጉልበት በሚገባ የተረዱት ግን አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ነበሩ። በ1914 ዓ.ም. ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በየሳምንቱ መውጣት ጀመረ። ብላታ ደሬሳ አመንቴን የመሰሉ ምሁራን ስለ ሥልጣኔና ስለ አስተዳደር መሻሻል ጻፉበት። ለውጥ የሚሹ ብዕሮች፣ ከወግ አጥባቂ መኳንንት ጋር ለሚፎካከሩት አልጋ ወራሽ ጥሩ አጋር ነበሩ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1933 ዓ.ም. የተጀመረው «አዲስ ዘመን» የመንግሥት ልሳን ሆነ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንግግርና የፕሬስ ነፃነትን ቢጠቅስም ሳንሱሩ አልቀረም።

ዝምታው የተሰበረው ከውጭ ነው። አገር ውስጥ ተሸፋፍኖ የነበረውን የወሎን ረሃብ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለብሪታንያ ተመልካች አሳየ። ወታደራዊው ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ አቀረበው፤ ያሳየውም ጃንሆይ፣ የቀድሞው አልጋ ወራሽ ተፈሪ፣ ራሳቸው በ1957 ዓ.ም. ባስጀመሩት ቴሌቪዥን ነው። በማግስቱ ጠዋት መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ከዙፋን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ጽሑፍ አነበቡላቸው።