የሊኑክስ የአሠራር ደረጃዎች፦ ምንነታቸውና አቀያየራቸው

ሊኑክስ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራ ስርዓተ ክወና ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኞቹ አገልግሎቶች ሥራ እንደሚጀምሩ የሚወስነው «ራንሌቭል» የተባለው የአሠራር ደረጃ ነው። ሰርቨሩ ሐረር ከተማ ተቀምጦ፣ ተጠቃሚው ድሬ ጠያራ ወረዳ ከሚገኝ ጽሕፈት ቤት በኔትወርክ የሚገለገል ከሆነ፣ ደረጃው ሲሳሳት የተመዘገበው መረጃ ሳይጠፋ ተጠቃሚው ሊያገኘው አይችልም።

በነባሩ አሠራር ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 6 ይቆጠራሉ። 0 ኮምፒውተሩን ያጠፋል፤ 6 አጥፍቶ መልሶ ያስነሳል። 1 ለጥገና የተለየ ሲሆን አንድ አስተዳዳሪ ብቻ ይሠራበታል። በሬድ ሃት ቤተሰብ 2 ያለ ኔትወርክ፣ 3 ከነኔትወርኩ በጽሑፍ ገጽታ፣ 5 ደግሞ በምስላዊ ገጽታ ብዙ ተጠቃሚዎችን ያስተናግዳሉ፤ 4 አገልግሎት አልተመደበለትም። በዴቢያን ግን ከ2 እስከ 5 ያሉት በመሠረቱ አንድ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የተዋወቀው «ሲስተም-ዲ» በቁጥሮቹ ፋንታ «ታርጌት» የተባሉ ስሞችን ተካ። 1 «ሬስኪው»፣ 3 «መልቲ-ዩዘር»፣ 5 «ግራፊካል» ተብለዋል።

ትእዛዞቹ በላቲን ትናንሽ ፊደላት ይጻፋሉ። «ራንሌቭል» የሚለው ትእዛዝ የቀድሞውንና የአሁኑን ደረጃ ያሳያል። «ሲስተም-ሲቲኤል ጌት-ዲፎልት» ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ የሚነሳበትን ደረጃ ይናገራል። ለጊዜው ለመቀየር «አይሶሌት»፣ በቋሚነት ለመቀየር «ሴት-ዲፎልት» ከ«ሲስተም-ሲቲኤል» ቀጥሎ ይገባል፤ የታርጌቱም ስም ይከተላል። ለመቀየር የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል።

«አይሶሌት» በአዲሱ ደረጃ የማይፈለጉ አገልግሎቶችን ወዲያውኑ ስለሚያቆም፣ አስቀድሞ ሥራን ማስቀመጥና ተጠቃሚዎችን ማሳወቅ ይገባል። ከርቀት ሆኖ ወደ ጥገና ደረጃ መውረድ ደግሞ የርቀት መግቢያውን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ካለበት ቦታ በአካል መገኘት ግድ ይሆናል። ነባሪው ደረጃ 0 ከተደረገ ኮምፒውተሩ እንደተነሳ ይጠፋል፤ 6 ከተደረገ ያለማቋረጥ ይነሳል፣ ይጠፋል።

እንዲህ ያለው ስህተት ሲያጋጥም፣ ማሽኑ ፊት ሆኖ በ«ግራብ» ማስነሻ ገጽ ላይ በከርነሉ መስመር መጨረሻ ቁጥር 3 መጨመር ለዚያ አንድ ጊዜ በትክክለኛው ደረጃ ያስነሳዋል፤ ከዚያም ነባሪው ይታረማል። ስለዚህ አዲስ ደረጃ አስቀድሞ ለጊዜው ይሞከራል፤ መሥራቱ ሲረጋገጥ ብቻ በቋሚነት ይጸናል።