የዩኤስቢ መሰኪያዎች ታሪክና የቆየ ኮምፒዩተር በሊኑክስ ሲታወክ የሚመረመርበት መንገድ

መግቢያ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለዳኛና ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን የታወከ ኮምፒዩተር ለሚያቃና ሰውም ያገለግላል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፥ በቆዩ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚገኙት የዩኤስቢ መሰኪያዎች በሊኑክስ ሲሠሩ ስለ ምን እንደሚታወኩ ከታሪካቸው ተነሥቶ ለማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጥናቱ መነሻ የሆነኝ በራሳችን ላይ የደረሰ ችግር ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከሽማግሌዎች አፍ የቀዳነው የቃል ታሪክ፥ 8 ጊጋባይት ያህል ድምፅ፥ በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። ዲስኩን በምንሠራበት ክፍል ካለው አሮጌ ኮምፒዩተር የፊት መሰኪያ ላይ ስንሰካው ጥቂት ደቂቃ ይታይና ይጠፋል፤ ተመልሶ ሲመጣም እጅግ ይንቀራፈፋል። አንዱ «ሊኑክስን አጥፍታችሁ ሌላ ጫኑ» አለን፤ ሌላው ደግሞ «ዲስኩ ተበላሽቷልና ፎርማት ይደረግ» አለ። ይህን የኋለኛውን ምክር ሰምተን ቢሆን ኖሮ ድምፁ ሁሉ በጠፋ ነበር። ከተናጋሪዎቹ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ፥ የጠፋውን መልሶ የሚነግረን አይገኝም ነበር።

፩. ዩኤስቢ እንዴት እንደ ተጀመረ

ዩኤስቢ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መሰኪያ ነበረው። ኪቦርዱ በአንድ፥ ማውሱ በሌላ፥ ፕሪንተሩ ሰፊ በሆነ በሦስተኛ፥ ሞደሙ በአራተኛ ቀዳዳ ይሰካ ነበር። አዲስ መሣሪያ ለመጨመር የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ማጥፋት፥ አንዳንዴም ሳጥኑን ፈትቶ ካርድ መጨመር ነበረበት። ይህን ለማስቀረት ሰባት ኩባንያዎች፥ ይኸውም ኮምፓክ፥ ዴክ፥ አይቢኤም፥ ኢንቴል፥ ማይክሮሶፍት፥ ኤንኢሲና ኖርቴል በ1994 ሥራውን በጋራ ጀመሩ። የመጀመሪያው ደንብ በጃንዋሪ 1996 ወጣ። ደንቡ ሁለት ፍጥነት ወሰነ፤ ለኪቦርድና ለማውስ በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት፥ ለሌሎቹ 12 ሜጋቢት። በአንድ ኮንትሮለር ሥር እስከ 127 መሣሪያ ሊያያዝ እንዲችልም ተደረገ።

ይሁን እንጂ ደንብ መጻፍና ደንብን ማሠራት አንድ አይደለም። በኤፕሪል 1998 በቺካጎ በተደረገ የኮምፒዩተር ትርኢት ላይ፥ ቢል ጌትስ በመድረኩ ላይ ሳሉ ረዳታቸው በዊንዶውስ 98 ላይ ስካነር ቢሰካ፥ ኮምፒዩተሩ ቀጥ ብሎ ሰማያዊ ገጽ አሳየ። ተመልካቹ ሁሉ ሳቀ። እንዲህም ሆኖ በዚያው ዓመት የተሻሻለው 1.1 የተባለው ደንብ ወጣ፤ አፕል የተባለው ኩባንያም በኦገስት 1998 ለገበያ ባቀረበው አይማክ ላይ የቀድሞዎቹን የኪቦርድና የፕሪንተር መሰኪያዎች ትቶ በዩኤስቢ ተካቸው። ዩኤስቢ ከዚህ በኋላ በሰፊው ተለመደ።

፪. አንድ ደንብ፥ ሁለት ኮንትሮለር

ለዛሬው ችግር ሥር የሆነው ነገር በዚሁ በመጀመሪያው ዘመን ተተክሏል። ደንቡ በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈውን መልእክት በጥብቅ ሲወስን፥ የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ኮንትሮለሩን እንዴት እንደሚያዘው ግን አልወሰነም ነበር። ኮንትሮለር ማለት በማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ መሰኪያዎቹን የሚያስተዳድር ክፍል ነው። በዚህ ክፍተት ሁለት ዓይነት ኮንትሮለር ተወለደ።

አንደኛው ኢንቴል ያወጣው ዩኤችሲአይ ነው። ይህ ኮንትሮለር አሠራሩ ቀላልና ዋጋው ርካሽ ሆኖ፥ የሥራውን ሸክም በፕሮግራሙ ላይ ይጥላል። ሁለተኛው ኮምፓክ፥ ማይክሮሶፍትና ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ያወጡት ኦኤችሲአይ ነው። ይህኛው ብዙውን ሥራ ራሱ ስለሚሠራ የፕሮግራሙን ሸክም ያቀልላል። የኢንቴልና የቪአይኤ ማዘርቦርዶች በአብዛኛው የመጀመሪያውን ሲይዙ፥ ከሌሎቹ ሠሪዎች ብዙዎቹ ሁለተኛውን ይዘዋል። ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ቀዳዳው አንድ ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ለአንድ ጉዳይ ሁለት ድራይቨር ለመጻፍ ተገደዱ።

፫. ሊኑክስ ዩኤስቢን እንዴት እንደ ተቀበለ

በ1991 በሄልሲንኪ የተጀመረው ሊኑክስ ዩኤስቢን የተቀበለው ዘግይቶ ነው። አስቀድሞ በሌሎች ተጀምሮ የነበረ ሙከራ ቢኖርም፥ በከርነሉ ውስጥ ለገባው ሥራ መሠረት የሆነውን ቀለል ያለ ጽሑፍ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሳቸው በ1999 ጀመሩት። ከዚያ ብዙ ሰዎች ተባበሩበት። በጃንዋሪ 2001 የወጣው 2.4 የተባለው ከርነል ዩኤስቢን በሚገባ ይዞ ቀረበ። በዚህ ከርነል ውስጥ ለዩኤችሲአይ ብቻ ሁለት የተለያዩ ድራይቨሮች ጎን ለጎን ይገኙ ነበር። አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን መሞከር በዚያ ዘመን የተለመደ መድኃኒት ነበር፤ ኋላ ግን በአንድ ድራይቨር ተተኩ።

፬. አንድ በር፥ ሁለት ዘበኛ

በኤፕሪል 2000 ሁለተኛው ደንብ ወጥቶ ፍጥነቱን በሴኮንድ ወደ 480 ሜጋቢት አደረሰው። ሠሪዎቹም ከቀደመው ጊዜ ተምረው ለአዲሱ ፍጥነት አንድ ኮንትሮለር ብቻ፥ ኢኤችሲአይን፥ ተቀበሉ። ነገር ግን ኢኤችሲአይ የሚናገረው የ480ውን ቋንቋ ብቻ ነው። የ12ቱንና የ1.5ቱን መሣሪያዎች ለማስተናገድ የቀድሞዎቹ ዩኤችሲአይ ወይም ኦኤችሲአይ ረዳት ሆነው አብረውት ተቀመጡ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው። ከ2002 ገደማ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በተሠሩት ኮምፒዩተሮች ላይ፥ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በስተጀርባ ሁለት ኮንትሮለሮች እንደ ሁለት ዘበኞች ቆመዋል። ኢኤችሲአይ ሥራውን ሲጀምር በሮቹን ሁሉ ይረከባል፤ ቀርፋፋ መሣሪያ የመጣ እንደ ሆነ ግን በሩን ለረዳቱ ያስረክባል። ችግር የሚፈጠረው በዚህ ርክክብ ላይ ነው። የረዳቱ ድራይቨር ቀድሞ ተጭኖ ኢኤችሲአይ ኋላ ቢመጣ፥ ሥራ ላይ ያለው መሣሪያ ድንገት ከእጅ ይነጠቃል፤ ከርነሉም ኢኤችሲአይ መቅደም እንደ ነበረበት በማስጠንቀቂያ ይናገራል። እንደዚሁም ኬብሉ ወይም መሰኪያው ደካማ ሆኖ በ480 መነጋገር ያልተቻለ እንደ ሆነ፥ ፈጣኑ ዲስክ ለቀርፋፋው ዘበኛ ይተላለፋል። ባለቤቱ ዲስኩ የታመመ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የፍጥነቱ መውረድ ነው።

ሦስተኛም ርክክብ አለ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ባዮስ የተባለው መነሻ ፕሮግራም የዩኤስቢ ኪቦርድን እንደ ቀድሞው ኪቦርድ አስመስሎ ያሠራዋል። ከርነሉ ሲመጣ ኮንትሮለሩን ከባዮስ መቀበል አለበት። አንዳንድ የቆየ ባዮስ ግን በጊዜው አይለቅም፤ ከርነሉም ርክክቡ እንዳልተሳካ ይመዘግባል። በባዮሱ ገጽ ላይ ለቆየ ዩኤስቢ የሚደረገውን ድጋፍ መዝጋት ብዙ ጊዜ ይህን ይፈታዋል። ሆኖም ያን ከማድረግ በፊት የቀድሞው ዓይነት ኪቦርድ ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልሆነ ወደ ባዮሱ ገጽ መመለስ ሊያስቸግር ይችላል።

፭. የኋለኛው ዘመን

በኖቬምበር 2008 በሴኮንድ 5 ጊጋቢት የሚያሳልፈው ሦስተኛው ደንብ ሲወጣ፥ የፍጥነቶቹን ሁሉ ጉዳይ በአንድ ላይ የሚይዝ ኤክስኤችሲአይ የተባለ ኮንትሮለር መጣ። ለዚህ ድራይቨር ሴጅ ሻርፕ በኢንቴል ሳሉ የጻፉት ሥራ በሴፕቴምበር 2009 በወጣው 2.6.31 ከርነል ውስጥ ገባ። በ1998 ገና ዩኤስቢን ያልያዘው ሊኑክስ በዚህ ጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ ተገኘ።

በ2012 ገደማ የተሠሩት ማዘርቦርዶች ግን አሁንም የሽግግር ዘመን ልጆች ናቸው። በእነሱ ላይ ኢኤችሲአይና ኤክስኤችሲአይ ጎን ለጎን ስለሚገኙ፥ ድንበሩ ቦታውን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

፮. የምርመራው ሥርዓት

ከዚህ በላይ ከተነገረው ታሪክ የሚከተለው የምርመራ ቅደም ተከተል ይወጣል።

በመጀመሪያ ምስክሩን መስማት ይገባል። ከርነሉ የሚያየውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል፤ መዝገቡም ዲ፥ ኤም፥ ኢ፥ ኤስ፥ ጂ ተብሎ በሚጻፈው ትእዛዝ ይነበባል። መሣሪያውን ነቅሎ፥ መልሶ ሰክቶ፥ ወዲያው መዝገቡን ማንበብ ነው። ከዜሮ በታች 71 የሚል የስሕተት ቁጥር ከተገኘ በኬብሉ ላይ የሚሄደው መልእክት ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ከዜሮ በታች 110 ከሆነ ደግሞ መልሱ በጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ወደ ኬብል፥ ወደ መሰኪያ ወይም ወደ ኃይል ማነስ ያመለክታሉ።

ሁለተኛ፥ መሣሪያው በየትኛው ዘበኛ እጅ እንዳለ መለየት ነው። ኤል፥ ኤስ፥ ዩ፥ ኤስ፥ ቢ የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ፥ ክፍተትና ሰረዝ አስቀድሞ «ቲ» የምትለዋን ፊደል ቢያስከትሉበት፥ የመሣሪያዎቹ የዘር ሐረግ እንደ ዛፍ ይታያል። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ የድራይቨሩ ስምና ፍጥነቱ፥ ይኸውም 1.5፥ 12፥ 480 ወይም 5000 ተጽፎ ይገኛል። በ480 መሄድ የሚገባው ዲስክ በ12 ላይ ከተገኘ ጥፋቱ በርክክቡ ድንበር ላይ ነው።

ሦስተኛ፥ ኃይሉን መመርመር ነው። በሁለተኛው ደንብ መሠረት አንድ መሰኪያ ለአንድ መሣሪያ የሚሰጠው ከ500 ሚሊአምፔር አይበልጥም። ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። የራሱ የኤሌክትሪክ ምንጭ ያለው ማከፋፈያ ይህን ችግር ያስወግዳል።

አራተኛ፥ ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ሥራ የፈታውን መሣሪያ የሚያስተኛ ሥርዓት አለ። አንዳንድ የቆዩ መሣሪያዎች ከተኙ በኋላ በደኅና አይነሡም። ጥቂት ቆይቶ የሚጠፋ ማውስ ወይም ኪቦርድ ከተገኘ፥ ይህን ሥርዓት ለዚያ መሣሪያ ዘግቶ መሞከር ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ሕግ መጠበቅ አለበት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ኬብሉንም፥ መሰኪያውንም፥ ከርነሉንም በአንድነት የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ የዳነበትን መድኃኒት አያውቀውም።

፯. የዲስኩ ነገር እንዴት እንዳለቀ

እኛም ይህንኑ አደረግን። መዝገቡ ዲስኩ መጀመሪያ በኢኤችሲአይ በ480 እንደ ተቀበለ፥ ቁጥር 71 ስሕተት ደጋግሞ እንደ ታየ፥ ከዚያም ግንኙነቱ ተቋርጦ ዲስኩ በዩኤችሲአይ በ12 እንደ ገና እንደ ተቀበለ በተራ ይናገር ነበር። ስለ ዲስኩ ገጽ መበላሸት የሚናገር አንድም መስመር አልነበረም። የፊት መሰኪያው በቀጭን ሽቦ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ሲሆን፥ እኛ ደግሞ በላዩ ማራዘሚያ ኬብል ጨምረንበት ነበር።

በመጀመሪያ ማራዘሚያውን ብቻ አወጣን፤ ስሕተቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቀጥሎ ያንኑ ኬብል ይዘን በማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ወዳለው የኋላ መሰኪያ ተዛወርን፤ ስሕተቱ ጠፋ። ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ከፍተን ድምፁን ሁሉ ገለበጥን። በ12 ሜጋቢት ቢሆን ኖሮ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጀው ሥራ በጥቂት ደቂቃዎች አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቅጂው በሦስት ቦታ ተቀምጧል።

መደምደሚያ

የቆየ የዩኤስቢ መሰኪያ ሲታወክ ብዙ ሰው መሣሪያውን ወይም ሊኑክስን ይኮንናል። ከዚህ ጥናት እንደ ታየው ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንዱ ዘመን ለሌላው በሚያስረክብበት ቦታ፥ በዩኤችሲአይና በኢኤችሲአይ፥ በባዮስና በከርነል መካከል ነው፤ ወይም ያን ርክክብ በሚያሰናክል ተራ ሽቦ ላይ ነው። የኮንትሮለሮቹን ታሪክ ያወቀ ሰው መዝገቡን ሲያነብ የሚፈልገውን ያውቃል። ያላወቀው ግን ለመፈወስ ሲል ሊጠብቀው የሚገባውን ነገር ያጠፋል። በተለይ እኛ የታሪክ ተማሪዎች የሰበሰብነውን ቃል በእነዚህ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ የምናስቀምጥ ስለሆንን፥ ፎርማት ከማለታችን በፊት መዝገቡን እናንብብ፤ ቅጂም ሳንይዝ ምርምር አንጀምር።